ሁሉም ተማሪ «ጉዱ ካሳ የለውጥ ተምሳሌት ነው» ብሎ ይጽፍልኛል፤ የራሳቸውን ሐሳብ እንዴት ላውጣ?

የአማርኛ መምህሩ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። ሥነ ጽሑፍ ላይ የቸገረኝን ነገር ላማክራችሁ።

በቅርቡ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጨርሰን ስለ ጉዱ ካሳ አጭር ነገር ጻፉልኝ አልኳቸው። የመጣልኝ ወረቀት በሙሉ አንድ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። «ጉዱ ካሳ የለውጥ ተምሳሌት ነው። የፊውዳሉን ሥርዓት ይቃወማል። ከዘመኑ የቀደመ ሰው ነው።» አለቀ። አንዱ ከቴሌግራም ሾርት ኖት፣ አንዱ ከታላቅ እህቱ ደብተር፣ አንዱ ከቻትጂፒቲ። ኤክስ እንዳላደርግበት ስህተት አይደለም። ራይት እንዳላደርግለት ደግሞ ልጁ ከጉዱ ካሳ ጋር አንድም ቀን እንዳልተገናኘ አውቃለሁ።

«እሺ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ወደድከው?» ስል ክፍሉ ጭጭ ይላል። ደፋር የምለው ልጅ እንኳ ፊቴን እያየ መልሱን ሊያነብ ይሞክራል። ግጥም ላይ ደግሞ ይብሳል። ስንኙ ተነቦ ሳያልቅ «ተለዋጭ ዘይቤ!»፣ «ሰውኛ!»፣ «ቤት ይመታል!» ይላሉ። የዘይቤው ስም ከተጠራ በኋላ ግጥሙን የሚያስታውሰው የለም።

ሐሳብ የሌላቸው ሆነው አይደለም እኮ። እረፍት ሰዓት ላይ ስለ ቴሌቪዥን ድራማ ሲከራከሩ ብትሰሟቸው፣ ማን ከዳ፣ ማን ተበደለ፣ እሷ ለምን ይቅር አለችው እያሉ ደወል እስኪደወል ይጨቃጨቃሉ። መጽሐፍ ላይ ሲሆን ምን ያዛቸው? ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ ነው ያለው፣ ስለዚህ «ክብ ሠርተው ይወያዩ» የሚለው ምክር ብዙም አይጠቅመኝም። ደግሞስ ቢናገሩ በምን ልመዝነው? የሞከራችሁት ካለ ወዲህ በሉ።

ቀይ እስክሪብቶ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ቀይር። የ17 ዓመት ልጅ በ60 ጓደኞቹ ፊት «ምን ተሰማህ?» ተብሎ ማን ይመልስልሃል? እኔም አልመልስም። ስሜት አትጠይቃቸው፣ ፍርድ ጠይቃቸው። እኛ አገር ስሜቱን አደባባይ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ፍርድ ስጥ ሲባል ግን ወደኋላ የሚል አላየሁም። በላ ልበልሃ የነበረበት አገር ነው።

የስለቱን ነገር ለምሳሌ ውሰድ። በዛብህን ወላጆቹ ገና ልጅ ሳለ ተስለው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ወደደ። እና አባትና እናት የተሳሉት ስለት ልጅን ያስራል ወይስ አያስርም? ይህን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዝም አልኩ። መጀመሪያ ማንም አልተነፈሰም። በኋላ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር «እኔንም ሐኪም ትሆናለች ብለው ተስለውብኛል» አለች፣ ክፍሉ ሳቀ፣ ከዚያ በኋላ ግን ማስቆም ነው ያቃተኝ። አንዱ ስለት የእግዜር ነው አይነካም ይላል፣ አንዱ እናቱ የራሷን ሕይወት ትሳል እንጂ የሱን ምን አገባት ይላል። እኔ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየመሃሉ «መጽሐፉ ውስጥ የት አየህ?» ማለት። ገጹን እየገለበጡ መፈለግ ሲጀምሩ ሥራው ተሠራ በለው።

ለ60 ልጅ ደግሞ ብጣሽ ወረቀት ይበቃሃል። ከምዕራፉ የያዘህን፣ ወይ ያናደደህን፣ ወይ ያልገባህን አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጥ፣ ከሥሩ ለምን እንደሆነ ሦስት መስመር ጻፍ፣ ስም አትጻፍ። ትሰበስባለህ፣ ታደባልቃለህ፣ መልሰህ ታድላለህ፣ እያንዳንዱ ለደረሰው ወረቀት መልስ ይጽፋል። አንተ አምስቱን መርጠህ ጮክ ብለህ ታነባለህ። ስም ከሌለው ይደፍራሉ። «ያናደደህን» የሚለውን እንዳትተው፣ ጥሩው ነገር የሚወጣው ከዚያ ነው።

ሌላው፣ መጽሐፉን በድምፅ አስነብብ። የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ያገኘ ሰው የፊታውራሪ መሸሻን ድምፅ ሰምቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ልጆቹ ራሳቸው ሲያነቡም ለገጸ ባሕርዩ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጡት እየው። ፊታውራሪን አስቂኝ አድርጎ የሚያነብና አስፈሪ አድርጎ የሚያነብ ልጅ ሁለት የተለያየ አስተያየት እየነገሩህ ነው፣ እነሱ ባያውቁትም።

ጥርጣሬ አለኝ

ደስ የሚል ውይይት ነው፣ ግን ትንሽ ውኃ ልቸልስበት። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ «የግል ምላሽ» በሚል ስም የሚመጣልኝን ወረቀት ብታዩ የመምህሩን «የለውጥ ተምሳሌት» ትናፍቃላችሁ። ግጥሙ ስለ ሞት ከሆነ ልጁ ስለ ሞተችበት አክስቱ ሁለት ገጽ ይጽፋል። አዝናለሁ፣ እግዜር ያጽናህ እላለሁ፣ ግን ግጥሙ የት ሄደ? መጀመሪያው መስመር ላይ ተነካ፣ ከዚያ ጠፋ።

ይሄ የኛ ልጆች ችግር ብቻ አይደለም። አይ ኤ ሪቻርድስ የሚባል የካምብሪጅ መምህር የገጣሚዎቹን ስም ደብቆ ግጥሞችን ለተማሪዎቹ እየሰጠ ያሰቡትን በነፃ እንዲጽፉ ያደርግ ነበር፤ ውጤቱን በ1929 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። እነዚያ የተመረጡ ተማሪዎች ምን ጻፉ መሰላችሁ? ብዙዎቹ የግጥሙን ግልጽ ትርጉም እንኳ ስተውታል፣ የቀሩት ደግሞ ወይ የራሳቸውን ትዝታ ግጥሙ ላይ ጭነውበታል፣ ወይ ከሰው የሰሙትን የተዘጋጀ ስሜት ደግመውታል። የኔ ፍርሃት የመጨረሻው ነው። ልጁን ከቴሌግራም ሾርት ኖት አውጥተኸው «በጣም ልብ ይነካል» ወደሚል ሌላ ሾርት ኖት ብታስገባው ምን አተረፍክ? «ልብ የሚነካ» የሚለውም ከ«የለውጥ ተምሳሌት» እኩል የተኮረጀ ነው።

ስለዚህ ጭብጥ፣ መቼት፣ አንጻር የሚባሉትን ቃላት ጠላት አታድርጓቸው። ያለነሱ ልጁ የተሰማውን የሚናገርበት መሣሪያ የለውም።

12ኛ ነኝ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። የእርስዎ ተማሪ አይደለሁም ግን የኛ ክፍልም እንደዚሁ ስለሆነ ልጻፍ ብዬ ነው። ለምን እንደማንናገር ልንገርዎት።

አንደኛ፣ መልሱ እርስዎ ጋ እንዳለ እናውቃለን። «የመሰላችሁን በሉ» ይሉንና ተሳስተን ከተናገርን «እእእ... ሌላ?» ትላላችሁ። ያቺ «ሌላ?» ትበቃለች፣ ሁለተኛ እጅ አይወጣም። ደግሞ ይሳቃል። ስለ ፍቅር የተናገረ ልጅ ዓመቱን ሙሉ «በዛብህ» እየተባለ ይጠራል፣ እኛ ክፍል አንድ አለ። እና እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን መጽሐፉን አላነበብነውም፣ ለመላው ክፍል ያለው ኮፒ ጥቂት ነው፣ ስልክ ላይ በፒዲኤፍ ዓይን ያማል፣ ዩቲዩብ ላይ ትረካውን እየዘለልን ነው የሰማነው።

ግን ያነበብኩትን ያህል አንድ ነገር ነበረኝ፣ አልተናገርኩትም። የእናቴ አያት ባለ ርስት ነበሩ፣ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው መሬታቸው የተወሰደው፣ ቤት ውስጥ እስከዛሬ ይወራል። ገበሬዎቹ ፊታውራሪ መሸሻን ሲማርኳቸው ክፍሉ በሙሉ ደስ አለው፣ መምህራችንም ደስ እያላቸው ነው ያስተማሩን። እኔ አዘንኩላቸው። ጨቋኝ መሆናቸው ጠፍቶኝ አይደለም። ይሄን ፈተና ላይ ብጽፍ ከ10 ስንት ይሰጡኛል?

የአማርኛ መምህሩ

@12ኛ ነኝ፣ የኔ ልጅ፣ ይሄን አንድ አንቀጽ ከ60 ወረቀት ውስጥ ባገኘው ኖሮ እዚህ መጥቼ ባልጠየቅኩ ነበር። ጨቋኝ መሆናቸውን እያወቅክ ካዘንክላቸው ደራሲው እንዴት አድርገው እንዲያሳዝኑህ አደረጉ? ፊታውራሪን ክፉ ብቻ አድርገው ቢጽፏቸው አታዝንም ነበር። ትዕቢታቸውን እንድንስቅበት፣ ቁጣቸውን እንድንፈራው፣ አባትነታቸውንም እንድናየው አድርገው ነው የጻፏቸው። ልጃቸውን ለመጣው ጠያቂ ሁሉ «ዘሩ አይመጥንም» እያሉ ዕድሜዋን አሳለፉባት፣ ያም ሆኖ በራሳቸው ሒሳብ ያከበሯት እየመሰላቸው ነው። አንተ ያን አየህ ማለት ነው። ጻፈው። እኔ ብሆን ሙሉውን እሰጥሃለሁ፣ መምህርህን ግን አላውቃቸውም።

@ጥርጣሬ አለኝ፣ ይኸው የባለ ርስቱ የልጅ ልጅ ልጅ መልስ ሰጠህ መሰለኝ። ትዝታውን ይዞ ገባ፣ ግን ከመጽሐፉ አልወጣም።

የቅኔ ቤት ልጅ

እናንተ ከካምብሪጅ ድረስ ሄዳችሁ አመጣችሁ፣ እኔ ከቅርብ ላምጣ። ልጅ ሆኜ ቅኔ ቤት ነበርኩ። እዚያ የሌላ ሰው ቅኔ መድገም ተማሪ አያሰኝም። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ይፈታሉ፣ መንገዱን ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ያንተ ነው። ቀን ዛፍ ሥር ወይ ጫካ ገብተህ ቅኔ ትቆጥራለህ፣ ከጉባኤ ቃና ትጀምራለህ፣ ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ግን ላብ ታስመጣለች። ማታ ለመምህሩ ትነግራለህ። ቤቱ ከጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይታረማል፣ አንዳንዴም ይሳቅብሃል። በነጋታው ደግሞ አዲስ። ትናንት ያቀረብከውን ይዘህ ብትመጣ ማንም አይሰማህም።

በዛብህም እኮ ከዚሁ ዓይነት ትምህርት ነው የወጣው! የቆሎ ተማሪ ታሪክ እያስተማርን ተማሪውን የሰው ሐሳብ አስገልብጠን ስናሳድር ትንሽ አያሳፍርም?

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው፤ ለግጥም መልሱ ግጥም ይሁን። ግጥሙን ካነበባችሁ በኋላ ለገጣሚው ወይም ለገጸ ባሕርዩ ሁለት ስንኝ ይመልሱ፣ በወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም እየለኩ። ልኬቱ አለና ዝም ብሎ «ልቤ ተነካ» ማለት አይቻልም፣ ቃል መምረጥ ግድ ነው። የወንድሜ ልጅ በሰብለ አፍ ለበዛብህ የጻፈችው አለ፣ ስም ሳልጠራ ላካፍላችሁ፦

ስለትህን ፈርተህ ጥለኸኝ ብትሄድ፣
የኔስ ስለት የት ነው፣ ማነው ለኔ ’ሚፈርድ?

አሥረኛ ክፍል ናት። ሁለተኛው መስመር ላይ እኔ ዝም ነው ያልኩት።

ጥርጣሬ አለኝ

ስንኟ ቆንጆ ናት፣ እውነቴን ነው። ግን ይኸው የፈራሁት ነገር! በዛብህ ጥሏት የሄደው ስለቱን ፈርቶ ነው እንዴ? ነገሩ ሲታወቅ ፊታውራሪ ቢያገኙት በሕይወት አይተዉትም ነበር። ነፍሱን ለማዳን ነው የሸሸው። ልጅቷ የጻፈችው ስለ ሌላ በዛብህ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ

ልክ ነህ፣ ይታረማል። ለዚህ ነው መምህር ያለው። ግን ይሄን ክርክር አሁን እኔና አንተ የጀመርነው ልጅቷ ደፍራ ስለጻፈች መሆኑን አትርሳ። «በዛብህ ለፍቅር የተሰዋ ገጸ ባሕርይ ነው» ብላ ብትጽፍ ማናችንም ቀና ብለን አናያትም ነበር። ለሷም ትናንት ማታ ያልከውን ነገርኳት፣ «እሺ ስለቱ ባይኖርስ ይዟት ይጠፋ ነበር ወይ?» ብላ ጥያቄውን መለሰችብኝ። መጽሐፉን ይዛ ተቀምጣለች አሁን።

እናት ከሜሪላንድ

እኔ መምህርት አይደለሁም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ ከሚያስተምሩት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነኝ። የናንተ ችግር ልጆቹ መልሱን ሸምድደው መምጣታቸው ነው፣ የኛዎቹ ደግሞ የምትፈልጊው መልስ ምን እንደሆነ ከፊትሽ አንብበው ይሰጡሻል፣ ያውም በትህትና።

የገብረ ክርስቶስ ደስታን «ሀገሬ» አነበብንላቸው። ወላጆች ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ገሚሱ ዓይኑን እየጠረገ። አንድ ልጅ «አባዬ እያለቀሰ ነው፣ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም» አለ በእንግሊዝኛ። ክፍሉ ደነገጠ፣ አባትየው ተሳቀቀ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው እውነተኛ ንግግር እሱ ነበር። ምንም አለመሰማትም መልስ ነው፣ ከዚያ ግን «ለምን?» ይቀጥላል። «እኔ አገሬን ትቼ አልመጣሁማ» አለ። ገጣሚው ሰዓሊም እንደነበር፣ በመጨረሻ የሞተውም በስደት እዚሁ አሜሪካ በ1981 እ.ኤ.አ. መሆኑን ነገርናቸው፣ ልጁ ያን ሲሰማ እንደገና እናንብበው አለ። ሁለተኛው ንባብ የመጀመሪያውን አይመስልም።

በሳምንቱ ልጆቹ የራሳቸውን «ሀገሬ» ጻፉ። አማርኛቸው ተንገዳግዷል፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። አንዷ የሷ አገር የአክስቷ ቤት ቤዝመንት እንደሆነ ጻፈች፣ በበዓል ቀን የአጎት የአክስት ልጆች ሁሉ የሚተኙበት። አንዳንድ ወላጅ ቅር አለው፣ «አገር እያለ ቤዝመንት?» ብሎ። እኔ ግን ያቺ ልጅ ግጥሙን ከሁላችንም በላይ ሰምታዋለች ባይ ነኝ።

ቀይ እስክሪብቶ

እናቴ፣ ይሄ «ምንም አልተሰማኝም» ማለትን መፍቀድ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ታላቅ ከተባለ ደራሲ ፊት ሁሉም ማጨብጨብ አለበት። «አደፍርስ»ን የመሰለ ከባድ መጽሐፍ ሰጥተን «አሰልቺ ነው» ያለውን ልጅ እንቆጣለን። አትቆጡት፣ የት ገጽ ላይ እንደሰለቸው ጠይቁት። ገጹን ካሳየ እስከዚያ አንብቧል ማለት ነው፣ ምናልባትም ዳኛቸው ወርቁ ሆን ብሎ አንባቢውን ያስቸገረበትን ቦታ ነው የሚያሳያችሁ።

@ጥርጣሬ አለኝ፣ ሪቻርድስን ካነሳህ አይቀር በ1938 እ.ኤ.አ. ሉዊዝ ሮዘንብላት የምትባል አሜሪካዊት መምህርት የጻፈችውንም ጨምርበት። ግጥም የሚፈጠረው አንባቢውና ጽሑፉ ሲገናኙ ነው ትላለች፤ ግን እሷም ብትሆን ያሻህን በል አላለችም፣ ጽሑፉ የማይደግፈው ንባብ ይጣላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይወስድና ሁለተኛውን ይተዋል።

ለመምህሩ አንድ ልጨምር። ግጥም ላይ የጸጋዬን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ሞክር። ጳጳሱ በጣልያን ሊረሸኑ ነው፣ ግን ግጥሙ የሚጀምረው ለእመ ብርሃን በሚቀርብ ወቀሳ ነው። እና «ጳጳስ እንዲህ ብሎ መናገር ይችላል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው እያንዳንዱ የራሱ መልስ አለው፣ እኔ ክፍል አንድ ሙስሊም ልጅ የሰጠው ማብራሪያ ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ ወቀሳ የሚሰነዘረው ለሚወዱት ነው፣ የማይወደውን ሰው ማን ይወቅሳል አለ። ጠብ እንዳይነሳ ግን ደንቡን አስቀድመህ ተናገር። የምንከራከረው ስለ ግጥሙ ነው፣ የማንንም እምነት አንመዝንም። ይሄን ሳትል እንዳትጀምር።

የአማርኛ መምህሩ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የስለቱን ክርክርና ብጣሽ ወረቀቱን ሰኞ እጀምራለሁ። የወል ቤቱን ከፈተና በኋላ አደርገዋለሁ፣ አሁን ጊዜ የለም። የቀረኝ ማርክ ነው። ርዕሰ መምህሩ «ሐሳቡን ስለተናገረ ብቻ 8 ሰጠኸው?» ቢሉኝ ምን እላለሁ?

ቀይ እስክሪብቶ

ለአቋሙ ማርክ አትስጥ። ሁለት ነገር እይ፤ የጠቀሰው ቦታ በትክክል አለ ወይ? ያነሳው ምክንያት ወደዚያ ቦታ ይመለሳል ወይ? ፊታውራሪን ጠላ ወደደ ያንተ ጉዳይ አይደለም። አንድ ልጅ ሐሳቡን መሀል ላይ ከቀየረና ለምን እንደቀየረ ከጻፈ እኔ ጉርሻ እጨምርለታለሁ።

ጥርጣሬ አለኝ

በዚህ እስማማለሁ፣ ጉርሻውን ግን አልወደድኩትም። ነገ ሁሉም «መጀመሪያ እንዲህ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ግን...» እያለ ሊጽፍልህ ነው። የልጆችን ብልጠት አትናቅ። የቃል ጥያቄ ጨምርበት፣ አንድ ደቂቃ፣ ከጻፉት ላይ። ለ60 ልጅ ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ፣ በየሳምንቱ አሥር አሥሩን ብታደርግ ይዳረሳል።

12ኛ ነኝ

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ብጣሽ ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም አላችሁ፣ የኛ መምህር ግን የሁላችንንም የእጅ ጽሑፍ ያውቃሉ። ያኔስ?

ቀይ እስክሪብቶ

ሃሃ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ አንዱ ይናገር፣ ሌላው ይጻፍለት፣ ከዚያ ተለዋወጡ። መምህርህ የእጅ ጽሑፉን ቢያውቁም የማን ሐሳብ እንደሆነ አያውቁም። ጓደኛህን ግን ደህና አድርገህ ምረጥ።